«ከተጋባን አራት ወር ሞላን፤ እስካሁን ግን አልሆነልንም»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰውየውን ሊያስለዩ የሚችሉ ነገሮችን አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ባለቤቴ 23 ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ተዋውቀን፣ ሽማግሌ ልኬ፣ ጥር ላይ በወግ በማዕረግ ተጋባን። ሠርጉ የተደገሰው እኔ በተወለድኩበት፣ ከቢቸና ወጣ ባለ ገጠር ነው። ከዚያ በፊት አብረን አልተኛንም፤ ሁለታችንም እንደዚያ ፈልገን ነው። የኤችአይቪ ምርመራ አድርገናል፤ ነፃ ነን።

የሠርጉ ማታ ግን አልሆነም። ስቀርባት እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነቷ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ግድግዳ የነካሁ ያህል ነው። ሚዜዎቼ «ብር አምባር ሰበረልዎ» ሊሉ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። እሷ ታለቅሳለች። በመጨረሻ የራሴን ጣት በምላጭ ቆርጬ፣ ሻሹን ደም አስነክቼ ሰጠኋቸው። እልል ተባለ። ይህን እስካሁን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ከዚያ ጾሙ እስኪገባ ስንሞክር ከረምን። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሁለታችንም እፎይ አልን። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ጀመርን፤ ያው ነው። አሁን አሁን የእኔም ሰውነት እምቢ እያለኝ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ትንሽ አረቄ አቅምሳትና ጠበቅ አድርገህ ያዛት፤ ወንድ አይደለህ?» ብሎ ቪያግራ ሰጠኝ። እናቴ ደግሞ «ምነው ልጄ፣ ምንም የለም?» ማለት ጀምራለች። «መተት ሳይሆን አይቀርም፣ ጠበል እንውሰዳት» ትላለች።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ናት። ግን አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። አትወደኝም ማለት ነው? ወይስ በሽታ ነው? ጠበል ልውሰዳት ወይስ ሐኪም ቤት ልላካት? ለእናቴስ ምን ልበላት? ጨነቀኝ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ።»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ምላጩ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ከድንኳኑ ከበሮው እየተሰማ፣ ሚዜ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ አጠገብህ የምትወዳት ልጅ እያለቀሰች። አዋላጅ ነርስ ሆኜ በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በእንዲህ ያለ ማታ ባሎቻቸው በጉልበት የሄዱባቸውን ሴቶች በማግስቱ በእነዚህ እጆቼ ሰፍቻለሁ። አንተ የእሷን ገላ ከማድማት የራስህን ጣት ማድማት መረጥክ። ዋሸሁ ብለህ ራስህን አትብላ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ለሚስትህ አድልተሃል። ከዚህ በታች የምነግርህ ሁሉ ከዚያው የሚቀጥል ነው።

አትወደኝም ወይ ላልከው፣ ይህ ነገር ከመውደድና ከመጥላት ጋር አይገናኝም። በሽታ ነው ወይ ላልከው፣ የታወቀ የጤና ችግር ነው። ሐኪሞች ቫጂኒስመስ ይሉታል። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግምና ሐኪም አይቶ ማረጋገጥ አለበት፤ አንተ የጻፍከው ግን ቁልጭ ያለ የእሱ ምልክት ነው። ደግሞም ይድናል። ጊዜ ሰጥተው በአግባቡ የታከሙ አብዛኞቹ ሴቶች ይድናሉ።

ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ከዳሌ አጥንት በታች ሽንትንና ሰገራን የምንቋጥርበት ጡንቻ አለ። ሽንትህ መንገድ ላይ ሲመጣብህ ቦታ እስክታገኝ የምትይዘው በእሱ ነው። የሴት ብልት የሚያልፈው በዚህ ጡንቻ መሃል ነው። የባለቤትህ ጡንቻ ሊነካ ነው ብሎ ባሰበ ቁጥር እሷን ሳያስፈቅድ ጭምድድ ይላል። ትንኝ ወደ ዓይንህ ስትመጣ ዓይንህ የሚጨፈነው አንተን ጠይቆ ነው? እንደዚያ ነው። ግድግዳ ያልከው ይህን ጡንቻ ነው። ጠባብ ሆና አልተፈጠረችም። ያ ጡንቻ ሲላላ ልጅ የሚያሳልፍ ነው።

ስለዚህ እሷ ፈልጋህ፣ ናፍቃህ፣ «እሽ» ብላህ እያለ እንኳ ጡንቻዋ እምቢ ይላል። «ዘና በይ» ማለት የማይሠራው ለዚህ ነው። ትንኝ እያመጡ «ዓይንህን አትጨፍን» ማለት ነው። ካንተ ይልቅ በራሷ የተናደደችው እሷ እንደሆነች አልጠራጠርም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ትል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር «ያመኛል» ብሎ መጠበቅ ነው። ያንን ከየት እንደምታመጣው ለማወቅ አገራችንን ማሰብ ይበቃል። ሴት ልጅ ስለ ባልና ሚስት ነገር መጀመሪያ የምትሰማው ስለ ደምና ስለ ጩኸት ነው። ስለ ደስታው የሚነግራት የለም። አንዲት እንደ ባለቤትህ ያለ ችግር ይዟት የመጣች ልጅ ነበረች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ያክስቷ ሠርግ ማታ፣ ከጫጉላው ቤት ጀርባ ሆና የሰማችውን ነገረችኝ። አክስትየዋ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ያቺ ልጅ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ የምትወደውን ሰው አግብታ፣ ነገሩን የረሳችው መስሏት ነበር። ጡንቻዋ ግን አልረሳውም።

የባለቤትህን ታሪክ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራት ይሆናል፤ ላይኖራትም ይችላል። ያለ ፈቃዷ የነካት ሰው ኖሮም ሊሆን ይችላል። ምንም ምክንያት ሳይገኝለትም የሚመጣበት ጊዜ አለ። እንደ ፖሊስ አትመርምራት። «ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ እሰማለሁ፤ ከሌለም ምንም አይደል» በላትና ዝም በል። ከነገረችህ አታቋርጣት።

አንድ ሌላም ነገር አለ። በእኛ አካባቢ ሴት ሕፃናት ገና በአራስነታቸው ይገረዙ ነበር፤ ዛሬም ተደብቆ የሚያስገርዝ አይጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። አብዛኞቹ ሕፃን ስለነበሩ ትዝ አይላቸውም። ጠባሳው ግን አንዳንዷ ላይ ሲነካ ያማል። ሐኪሙ ይህንንም ማየት አለበት። ነገ ሴት ልጅ ብትወልዱ ማንም እንዳይነካባችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣበታል።

ስለ ሻሹም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «የድንግልና ሽፋን» የሚባለው በር የሚዘጋ ነገር አይደለም። ቢዘጋማ የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? በመግቢያው ዙሪያ ያለ ስስ፣ የሚለጠጥ ሥጋ ነው። ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል። ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ግንኙነት ጠብታ ደም እንኳ አያዩም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሏል። ሐኪም በመሣሪያ አይቶ የማያውቀውን ሚዜ በሻሽ ሊያውቀው አይችልም። ያን ማታ ሁሉ ነገር ሰምሮላችሁ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሻሹ ነጭ እንደሆነ ሊወጣ ይችል ነበር። በነጭ ሻሽ የተነሳ በማግስቱ ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። ምንም ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ሳስባት ዛሬም አንጀቴን ትበላዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከደብዳቤህ ውስጥ ትልቋ ነገር አንተ በማለፍ የጻፍካት አንዲት መስመር ናት። «ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁለታችንም እፎይ አልን» ብለሃል። እስኪ ወደዚያ ጊዜ ተመለስ። በእነዚያ 55 ቀናት እንዴት ነበራችሁ? ማታ ስታወሩ ትስቁ ነበር? እጅህን ትከሻዋ ላይ ስታደርግ ትደነግጥ ነበር ወይስ ትጠጋህ ነበር? ሲመሽ ፊቷ ይጠቁር ነበር? አብሬያችሁ ባልኖርም እገምታለሁ። ማታ ማታ የሚጠብቃት ፈተና ስላልነበረ አርፋለች። አንተም አርፈሃል።

እንግዲህ አሁን የራሳችሁን የቤት ውስጥ ጾም ያዙ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት መነካካቴ አይደለም፤ ለነገሩ ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው። ለስድስት ሳምንት መሞከር የሚባል ነገር ይቁም። ይህን በልባችሁ ሳይሆን አፍ አውጥታችሁ ተስማሙ። «ዛሬ ምናልባት» የለም። አንተ ስሜትህ ቢመጣ አይሆንም። እሷ አዝናልህ «ዛሬስ እንሞክር» ብትልም አይሆንም። ምክንያቱን ልንገርህ። በሞከራችሁና በከሸፈ ቁጥር ጡንቻዋ «መፍራቴ ልክ ነበር» ብሎ ይማራል። ከጾሙ በፊትም በኋላም ሳታውቁት ፍርሃትን ስታስተምሩት ከርማችኋል። መጀመሪያ ትምህርቱ ይቋረጥ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

ታዲያ ስድስት ሳምንት ጀርባ ለጀርባ ተኙ ማለቴ አይደለም። ተነካኩ። አገራችን እግር ማጠብ የሚባል ነገር አላት። ለደከመው እንግዳ፣ ለአባት፣ ለእናት ይደረጋል። ማታ ውሃ ሞቅ አድርግና እግሯን እጠባት። ጣቶቿን አንድ በአንድ። ተረከዟን። ከዚያ በፎጣ አድርቀህ በቅባት እሻት። ጉልበቷ አካባቢ ስትደርስ ሰውነቷ መጠንከር ከጀመረ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ተመለስ። ምንም አትናገር። በሌላ ቀን እሷ ያንተን ጀርባ ትሽ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ጡትና ብልት አይነካም። ከዚያ በኋላ እሷ «እሽ» ባለችበት ቦታ ብቻ፣ ባለችበት ልክ። የምትማሩት አንድ ነገር ነው። እጅህ ሲነካት ከኋላው ሌላ ነገር ተከትሎ እንደማይመጣ ሰውነቷ ይወቅ። ይህን ሐኪሞችም ለባልና ሚስት የሚያዙት ነገር ነው።

የሚከተለው ለእሷ ነው። ስልኩን ስጣትና ራሷ ታንብበው።

እህቴ፣ ሳላውቅሽ ስለ ገላሽ ይህን ያህል ማውራቴን ይቅር በይኝ። ባልሽ የጻፈልኝ ጨንቆት እንጂ አንቺን ሊያማ አይደለም። የሚጎድልሽ ነገር የለም። የተረገምሽም አይደለሽም።

አንድ ቀን በር ዘግተሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ፣ በትንሽ መስታወት ራስሽን ተመልከቺ። አምስት ወልደው ራሳቸውን አይተው የማያውቁ ሴቶች ብዙ ናቸው። ነውር የለውም፤ የገዛ አካልሽ ነው። ከዚያ ጡንቻውን ፈልጊው። ስትሸኚ መሃል ላይ ቋጠር ብታደርጊ የሚሰማሽ እሱ ነው። ይህን አንዴ ለማወቅ ያህል ብቻ አድርጊው፤ ሽንት እያቋረጡ መለማመድ ጥሩ አይደለም። ካወቅሽው በኋላ አልጋሽ ላይ ጋደም ብለሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ እስከ አምስት እየቆጠርሽ ቋጥሪው። ከዚያ አየሩን ቀስ ብለሽ እያስወጣሽ ልቀቂው። ሥራው ያለው መቋጠሩ ላይ ሳይሆን መልቀቁ ላይ ነው። ስለዚህ መልቀቁን አስረዝሚው። አየር ስታስገቢ ደረትሽ ሳይሆን ሆድሽ ይነፋ። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ካደረግሽ በኋላ፣ ሐኪም አይቶሽ ቁስልም ኢንፌክሽንም እንደሌለ ከተረጋገጠ፣ ወደ ጣትሽ ትሄጃለሽ። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ጣትሽን በማለስለሻ ጄል አርጥቢው። መግቢያው ላይ ብቻ አሳርፊው። ወደ ውስጥ አታስገቢ። ጡንቻው ጭምድድ ይላል። አትግፊው፤ እጅሽንም አትሰብስቢ። ባለበት ይዘሽ ተንፍሺ። ይላላል። ያን ቀን እዚያው ይብቃሽ። በሌላ ቀን የጣትሽ ጫፍ ይግባ። በሌላ ቀን እስከ አንጓው። ያመመሽ ቀን ወደ ትናንትናው ተመለሽ። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ፣ ከቀጭን ጀምረው እየወፈሩ የሚሄዱ ለስላሳ መለማመጃዎችም አሉ፤ ሐኪምሽ ካገኘልሽ ጥሩ ነው። ካልተገኘም ጣት ይሠራል።

ጄሉን ከፋርማሲ «በውሃ የተሠራ ማለስለሻ» ብላችሁ ግዙ። ቅቤም ቫዝሊንም አትቀቢ። ሊያቃጥልሽ ይችላል፤ ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቅባት ያለው ነገር ሁሉ ኮንዶሙን ያዳክመዋል።

ባልሽ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ በጣቱ፣ አንቺ እጁን ይዘሽ እየመራሽው። የመጨረሻው ላይ ስትደርሱ አንቺ ከላይ ሁኚ። መቼ፣ ምን ያህል፣ የት ላይ ይቁም የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። «ቁም» ስትይው እንደሚቆም ደግሞ ቀድሞ ቃል ይግባልሽ። ለአንዷ ሳምንታት ይፈጅባታል፣ ለሌላዋ ወራት። ወደኋላ የምትመለሺበት ሳምንት ይኖራል። ያ ከሽፏል ማለት አይደለም።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። የእኔም ሰውነት እምቢ አለኝ ብለሃል። በሚስቶቻቸው እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው ብዙ ባሎች የሚሉት ነገር ነው። እያለቀሰች ያለች ሴት አጠገብ፣ አሁንም አልሆን ይለኝ ይሆን እያለ የሚፈራ ወንድ እንዴት ሊቆምለት ይችላል? ጠዋት ስትነሳ የሚቆምልህ ከሆነ ሰውነትህ ጤነኛ ነው፤ የተጨነቀው ልብህ ነው። ስድስት ሳምንቱ ለአንተም መድኃኒት ነው። ቪያግራውን ለጓደኛህ መልስለት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ አይደለም፤ የአንተን ችግርም አይፈታልህም።

የጓደኛህን ምክር በተመለከተ ግን ለስለስ ብዬ አልናገርም። አረቄ ማጠጣትና ጠበቅ አድርጎ መያዝ መድፈር ነው። ሚስትም ብትሆን። አንድ ጊዜ እንኳ በጉልበት ከሄድክባት፣ ዛሬ በወራት ሊድን የሚችለው ነገር ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሰክራ ብትላላ እንኳ ሲነጋ ጡንቻዋ ያስታውሳል፤ እሷም ታስታውሳለች። ይህን እንደማታደርግ ምላጩ ነግሮኛል። ግን ሰው ሲጨንቀውና ጓደኛ ሲገፋው የማያደርገው ነገር የለምና አፌን ሞልቼ ልንገርህ ብዬ ነው።

አንድ ነገር እንዳትዘነጉ። ውስጥ ባይገባም እርግዝና ሊመጣ ይችላል። የወንዱ ዘር መግቢያው አካባቢ ከፈሰሰ፣ ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም፣ አለ። ሙሉ ግንኙነት ሳታደርግ ያረገዘች ሴት አዋልጃለሁ። የወር አበባዋ ከዘገየ ተመርመሩ። አሁን ልጅ ካልፈለጋችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስለ መከላከያውም አብራችሁ ጠይቁ።

ሐኪም ቤት ልላካት ወይ ብለሃል። አትላካት፤ አብረሃት ሂድ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ካርድ ስታወጡ «የማህፀን ሐኪም ማየት እንፈልጋለን» ማለት ይበቃል። ካርድ ክፍል ላለው ሰው ገመናችሁን መዘርዘር የለባችሁም። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ግን አታድበስብሱ። «ሆዷን ያማታል» ብላችሁ ከጀመራችሁ የሆድ መድኃኒት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «ከተጋባን አራት ወራችን ነው። ግንኙነት ማድረግ አልቻልንም። ልንሞክር ስንል ሰውነቷ ይጨመደዳል።» እሷ መናገር ከከበዳት አንተ ተናገር። ሴት ሐኪም ከፈለገች ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን መሣሪያ አስገብቶ ማየት ግዴታ አይደለም፤ «ዛሬ አልችልም» ካለች መብቷ ነው። ደህና ሐኪም መጀመሪያ ያወራታል፣ ከዚያ ከውጭ ብቻ ያያል። ሽንት ስትሸና የሚያቃጥላት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ከወር አበባ ውጭ ደም ካለ ግን ቶሎ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው።

ነገሩን አቃሎ «ሲለመድ ይተዋል፣ ትንሽ ጠጅ ጠጪ» ብሎ የሚሸኛችሁ ባለሙያ ሊያጋጥም ይችላል። አጋጥሞ ያውቃል። ተስፋ አትቁረጡ፣ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። «በቀዶ ጥገና እንክፈተው» ካላችሁም ምክንያቱን ጠይቁ። የተጨመደደ ጡንቻ በቢላ አይድንም። ደብረ ማርቆስ ካልተመቻችሁ፣ ወይም ሰው ያውቀናል ብላችሁ ከሰጋችሁ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ አድርጋችሁ ትደርሳላችሁ። ጣና ዳር ሁለት ቀን ብታድሩም አይከፋም።

እናትህ ጠበል ማለታቸው አይከፋኝም። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። እሷ ራሷ ከፈለገች ሂዱ። የነፍስ አባታችሁንም በምሥጢር አማክሩ። ነገር ግን «መተት አለባት» ተብላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እያያት፣ እየተጎተተች አትሂድ። ፍርሃት ያሠረውን ጡንቻ በሌላ ፍርሃት መፍታት አይቻልም። ጠበል የሄደ ሰው ሐኪም ጋ አይሂድ ያለም የለም።

የቀረው የእናትህ ጥያቄ ነው። እሳቸው ክፉ አስበው አይደለም፤ የልጅ ልጅ ናፍቋቸው ነው። ቢሆንም ሁሉን መንገር የለብህም። ይህ ምሥጢር የሁለታችሁ ነው፤ እሷን ሳትጠይቅ ለእናትህም ለጓደኛህም አትናገር። ለእኔ መጻፍህንም ዛሬውኑ ንገራት። ለእናትህ ግን አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ቁጭ ብለህ፣ ፈገግ ብለህ እንዲህ በላቸው፦ «እማዬ፣ ለልጅ አልቸኮልንም። ጊዜው ሲደርስ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። እስከዚያ ድረስ እሷን ስለዚህ ነገር አትጠይቂያት። መጠየቅ ካለብሽ እኔን ጠይቂኝ።»

ይህን ስትላቸው ባለቤትህ ጓዳ ሆና ብትሰማህ ደስ ይለኛል።